ሽታው እስኪለቅ

ሌት ተቀን ሲያለቅስ የከረመ ጨቅላ ድንገት ዝም ሲል፣ ደስ ሊለን ነው ወይስ ልንፈራ?

ሚጢ ይህን ማንን እንደምትጠይቅ አላወቀችም። ልጇ ከተወለደ ገና ሳምንት አልሞላውም። ትናንት ጎረቤት ድረስ ይሰማ የነበረው ጩኸቱ፣ ጡት ሲዘገይበት እንደ ተበደለ ሰው እጁን ማወናጨፉ፣ ዛሬ ጠዋት አንዱም የለም። ጉንጩን በጣቷ ነካ አደረገችው። ጡቷን ከንፈሩ ላይ አሳረፈች። ከፈት አድርጎ ያዘ፤ አንዴ ሳብ አደረገና ተወው። ወተቱ በአገጩ ቁልቁል ወረደ።

«እማዬ፣ ጡት እምቢ አለኝ እኮ።»

እናቷ መጋረጃውን እየነካካች ንፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ትፈልግ ነበር። «ጠግቦ ነዋ! ደግ ልጅ ጠግቦ ይተኛል። አንቺ ነሽ እንጂ ጆሮዬን ስትበዪው ያደግሽው።»

«ስቀሰቅሰውም አይነቃም።»

«የተኛ ሕፃን ይቀሰቀሳል እንዴ? ምን ዓይነቷ ጨካኝ ነሽ!»

ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፤ አፍ እየቀለደ ልብ የሚደነግጥበት ጊዜ አለ። የእናትየዋ አፍ ቀለደ እንጂ እጇ መጋረጃው ላይ ደርቆ ቀርቶ ነበር።

ከመጀመሪያው ላልነበራችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጢ መምህርት ናት፤ የአንድ ሟች ዳኛ አንድያ ልጅ። የግቢያቸው የብረት በር ዝጎ ሲንጋደድ እናቷ በያጅ አስጠራች። የመጣው ጓደኞቹ «ብረቱ» የሚሉት፣ ከአፉ ቃል በጉልበት የሚወጣ ወጣት ነበር። ቶሎ የሚያልቀውን ሥራ እያጓተተው፣ ጥቁር መስታወቱን ከዓይኑ ከፍ ባደረገ ቁጥር በረንዳ ላይ ደብተር የምታርመውን ልጅ ያያል። እሷም የተማሪዎቿን ስህተት ትክክል፣ ትክክሉን ስህተት እያለች አረመች። በሩ አለቀ፤ መተያየቱ አላለቀም። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ። እናትየዋ «የዳኛ ልጅ ለጭሳም!» ብላ ቤቷን ዘግታ ዋለች።

ሚጢ ስታረግዝ ግን የእናት አንጀት አልቻለም። «አንቺ ነይ፤ አራስነትሽን እኔ ዘንድ ጨርሺ። እሱ ግን ከበሩ ወዲህ አይዘልም» አለች። ብረቱም ከሥራ ሲመለስ ራሱ በበየደው በር ፊት እየቆመ ሚስቱን በፍርግርጉ መሃል ያያት ጀመር። ልጁ ሲወለድም በዚያው ፍርግርግ ጣቱን አሹልኮ ትንሿን እጅ ነካ። ከዚያ ወዲህ ግን ቀረ። አንድ ቀን ቀረ፤ በማግስቱም ቀረ። ሚጢ ስትጠብቅ ውላ ስትናደድ ወረቀት አወጣችና፣ «ልጅህን ማየት ከደከመህ እኛም በር በር ማየት ደክሞናል» ብላ በጎረቤት ልጅ ላከችለት። መልስ የለም።

አሁን ግን ይህ ሁሉ ከሐሳቧ ጠፍቷል። ልጁን ወደ መስኮቱ አቀረበችው። የተጠቀለለበት ነጭ ብርድ ልብስ የራሷ የሕፃንነት ብርድ ልብስ ነበር። በቀደም እለት እናቷ ከሳጥን አውጥታ፣ «ይኸው፣ አንዲት ብል አልነካችውም፤ ለዚህ ቀን ነው ያቆየሁት» ብላ በእንባ አልብሳዋለች። የሳጥኑ ሽታ፣ ያ የሚጢ የልጅነት ሽታ፣ ክፍሉን ሞልቶት ነበር። አሁን ከነጩ ጨርቅ መሃል የወጣው ፊት ቢጫ ነው። የዓይኑን ቆብ በቀስታ ገለጠችው። ነጭ መሆን የነበረበት ነጭ አይደለም። የሽንት ጨርቁን ፈታችው፤ ሽንቱ እንደ ወፈረ ሻይ ጠቁሯል።

«እማዬ! ነይ እዪው!»

እናቷ መጥታ አየች። «የወፍ በሽታ ነው» አለች፤ «ስንቱን ሕፃን ይይዛል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ ይለቀዋል።»

«ሽንቱስ? ሽንት እንዲህ ይጠቁራል?»

ሚጢ ጫማዋን ፍለጋ ጀመረች።

«በአራስ ገላሽ! ንፋስ ይምታሽና ሁለታችሁንም ልቅበር?»

«እሱን ብቻ እንዳልቀብር ነው የምሄደው» አለች ሚጢ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ቃሉ ራሷን አስፈራት፤ መልሳ ልትውጠው ብትችል ትውጠው ነበር።

*

የግቢው በር ሲከፈት የጠራችው ታክሲ ደርሶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ከተዘጋ ሱቅ ደጃፍ፣ ብረቱ ቆሟል።

ሚጢ ታክሲው ውስጥ እየገባች አየችው። ባየችውም ቅጽበት ከፍርሃቷ መሃል ቁጣ ብልጭ አለባት። የሥራ ልብሱን አልለበሰም። ሸሚዙ ነጭ ነው፤ ጸጉሩ ከመታጠቢያ እንደወጣ እርጥብ። ልጇ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት እሱ እንደ ሙሽራ ታጥቦና ለብሶ ወዴት ሊሄድ ነው?

እሱ ግን ፊቷን ብቻ አየና መንገዱን ሮጦ ተሻገረ። የታክሲውን በር ከፈተ። «ምን ሆነ? ሚጢ፣ ልጁ ምን ሆነ?»

«አትጠጋ!» አለች እናትየዋ ከኋላ እየደረሰች። «ወግድ ብያለሁ! ነግሬህ የለም?»

ብረቱ ክንዱ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ሌላም ጨመረ።

ያን ጊዜ ሚጢን ያመማት የእናቷ ጩኸት አልነበረም። እናቷ ስትጮህ ኖራለች፤ ከዝናብ ድምፅ አትለይም። ያመማት እሱ ማፈግፈጉ ነው። የራሱ ልጅ ቢጫ ሆኖ እቅፏ ውስጥ ተዝለፍልፎ እያየ፣ «ወግድ» ስላሉት የሚወግድ ሰው! በሩ ተዘጋና ታክሲው ተንቀሳቀሰ። በኋላ መስታወት ነጭ ሸሚዝ እየሮጠ ሲከተላቸው ታያት፤ ከዚያ መኪኖች ሸፈኑት። አንገቷን ወደ ልጇ መለሰች። «ተንፍስልኝ» አለችው በጆሮው። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ብቻ ተንፍስልኝ።»

*

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ድምፅ የሚያወጡት መሣሪያዎቹ ናቸው፤ ጢ፣ ጢ፣ ጢ ይላሉ፤ አንዱ ዝም ባለ ቁጥር ሁሉም እናቶች ባንዴ ቀና ይላሉ።

ዶክተሯ እንቅልፍ የጎደላት የምትመስል፣ እጇ ግን የማይቸኩል ሴት ነበረች። ልጁን ከብርድ ልብሱ አውጥታ መረመረችው። ክንዱን ቀና አድርጋ ለቀቀችው፤ እንደ ረጠበ ጨርቅ ወደቀ። ከተረከዙ ደም ተወሰደ። መርፌው ሲወጋው እንኳ አለማልቀሱን ሚጢ አየች፤ እሱን አይታ ራሷ ለሁለቱም አለቀሰች። ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነው፣ ራቁቱን ከሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ሁለቱን ሴቶች ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻቸው።

«ብዙ ሕፃናት ላይ የምናየው ቢጫነት አይደለም» አለች። «የልጁ ደም እየፈረሰ ነው። ከፈረሰው ደም የሚወጣው ቢጫ ነገር ከልክ አልፏል። መብራቱ ብቻውን አይበቃውም። ደሙን በጥቂት በጥቂቱ እያወጣን በሌላ ደም መተካት አለብን።»

«ሁሉንም ደሙን?» አለች ሚጢ።

«አብዛኛውን። ቢጫው ወደ አንጎሉ ከመግባቱ በፊት ልንቀድመው ነው።»

«ካልቀደማችሁትስ?»

ዶክተሯ ዓይኗን አላሸሸችም። «ጆሮውን ሊያጠፋው ይችላል። እጅ እግሩን ማዘዝ ሊያቅተው ይችላል። ሕይወቱንም… ውሸት አልነግርሽም፣ የኔ እህት። ግን በጊዜ መጥታችኋል።»

ሚጢ ግድግዳውን ተደገፈች። እናቷ ግን እንደ ቆመች ነበር። ፍርሃት አንዳንዱን ሰው ያለሰልሰዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያሾለዋል።

«በእኛ ዘር የማንም ደም ፈርሶ አያውቅም!» አለች። «በዳኛው ወገን በሉ፣ በእኔ ወገን በሉ፣ እድሜውን ጠግቦ ነው ሰው የሚሞተው። ይሄ ከየት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ጭሳም ነው! ብያለሁ፣ ደሙን ሳታውቂ ብያለሁ…»

«እማዬ!»

እናትየዋ ዞር አለች። ብረቱ ከኋላዋ ቆሟል። ታክሲው ከጠፋበት ጀምሮ ከሆስፒታል ሆስፒታል በሩጫ ሲፈልጋቸው ቆይቶ ደረቱ እንደ ወናፍ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሁሉንም ሰምቷል። አልመለሰላትም። የነጩን ሸሚዝ እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለለና በአጠገባቸው በምታልፍ ነርስ ፊት ክንዱን ዘረጋ።

«ሲስተር፣ ደም ካስፈለገ ከኔ ውሰዱ። ያለውን በሙሉ።»

«ለልጁ የሚስማማው ከደም ባንክ ተጠርቷል» አለች ሲስተሯ። «አንተ በምትኩ መለገስ ትችላለህ፤ ና።»

ተከትሏት ሄደ። ደሙን ሲሰድቡበት የሰማ ሰው፣ ያንኑ ደም ሊሰጥ ሲሄድ ሚጢ ጀርባውን አየችው። መጥራት ፈለገች። ሳትጠራው ታጠፈ።

*

ዶክተሯ ወደ ክፍሉ እንደተመለሰች፣ ወንበር ላይ የተጣለውን ብርድ ልብስ ለማንሳት ጎንበስ አለች። አንስታው ቆመች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ይህ ምን የነካው ነው?»

እናትየዋ ከበሩ ላይ ሆና ፈጥና መለሰች፤ ቅር ብሏታል። «ንጹሕ ነው ዶክተርዬ! ቆሻሻ አይደለም። የልጄ ነው፣ የራሷ። ብል እንዳይበላው የናፍታሊን እንክብል ጨምሬ ነው ያቆየሁት።»

«ታጥቦ ነበር ሲለብስ?»

«ምኑ ይታጠባል? ታጥቦ እኮ ነው የተቀመጠ። አውጥቼ አለበስኩት፣ በቃ።»

«ፊቱንም ጭምር ጠቅልላችሁት ነበር?»

«ንፋስ እንዳይመታው… አዎን።» ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። «ምነው?»

ዶክተሯ ብርድ ልብሱን በላስቲክ ከረጢት ከታ አፉን ቋጠረችና ለእናትየዋ ሰጠቻት። ከዚያ በእናትየዋ ፊት ቆማ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ ረጋ ብላ ተናገረች። አንዳንድ ልጆች የደማቸው ሴል ከጉዳት የሚከላከልበት አንድ ነገር አንሶት ይወለዳሉ። እንዲህ ያለ ልጅ በደህና ቀን እንደ ማንም ልጅ ነው፤ አይታወቅም። ናፍታሊን ሲተነፍስ ወይም በቆዳው ሲገባ ግን ደሙ ይፈርሳል። በሌላ ሕፃን ላይ ምንም ላያመጣ የሚችል ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ምርመራውም እየተሠራ ነው፤ ነገር ግን ሽንቱ፣ ቢጫነቱ፣ ይህ ሽታ፣ ሁሉም ወደ አንድ ይጠቁማል።

እናትየዋ ጥፋቱን ከብረቱ ላይ ማንሳት አቃታት። «እሺ፤ ያ የሚያንሰው ነገር… ከአባቱ ነው የወረሰው?»

«አይ፣ እናቴ። ወንድ ልጅ ይህን የሚወርሰው በእናቱ በኩል ነው። በእናንተ ወገን የመጣ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ መሣሪያዎቹ ጢ፣ ጢ ማለታቸውን ቀጠሉ። እናትየዋ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ወንበሩ ከሥሯ እንዳይሸሽ የፈራች ይመስል። ሚጢ ልትቆጣት ፈለገች፤ ልታቅፋትም ፈለገች። ሁለቱንም አላደረገችም። እናቷ በአንድ ጠዋት ምን ያህል እንዳነሰች አየች።

*

የደም መተካቱ ሥራ ሲጀመር ወላጆች ከመስታወቱ ወዲያ እንዲቆሙ ተነገራቸው። ብረቱ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፎለት መጣ። ከሚጢ ራቅ ብሎ ቆመ። ራቅ ማለቱን አየች። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻለችም።

«ለምን አትቀርብም?» አለችው። «እኔንም ጠልተኸኛል?»

«እኔ? አንቺን?» ያልጠበቀው በትር እንዳረፈበት ሰው ፈዞ አያት።

«ቀረህ እኮ! ልጅህ እጁን በበሩ መሃል ሰጥቶህ ቀረህ። ጻፍኩልህ፤ አልመለስክም። ዛሬ ደግሞ ታጥበህ ለብሰህ ቆመህ አገኘሁህ። እማዬ ወግድ ስትልህ ወገድክ! አንድ ቃል ሳትመልስ!»

ብረቱ ወደ አግዳሚው ተመለከተ። እናትየዋ ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፍታለች። መናገር አልፈለገም።

«ንገረኝ» አለች ሚጢ፤ «ዛሬ ዝምታህን አልችለውም። ዛሬ እሞታለሁ።»

«ሽታዬ ነው» አለ በመጨረሻ፣ እንደሚያፍር ልጅ።

«ምን?»

«እትዬ በሩ ላይ ነገሩኝ። የብረት ጭስ ሽታ ለአራስ ልጅ ጥሩ አይደለም፣ የምትወደው ከሆነ ሽታው እስኪለቅህ ራቅለት አሉኝ። ልጅ አሳድገዋል፤ ያውቃሉ ብዬ አመንኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ብየዳ አልነካሁም። በሎሚ ታሸሁ፣ በነጭ ጋዝ ታሸሁ፣ ቆዳዬ እስኪላጥ ታሸሁ። እጄን ሳሸተው ግን አሁንም ብረት ብረት ይለኛል። ከማዶ ሆኜ መስኮትሽን አያለሁ፤ መብራትሽ ሲጠፋ እሄዳለሁ። ዛሬ ጠዋት ምናልባት ለቆኝ ይሆናል ብዬ ነው ነጭ ሸሚዝ የለበስኩት። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነው። ምን ብዬ ልመልስልሽ፣ ሚጢ? እሸታለሁ ብዬ?»

ሚጢ አፏን በእጇ ያዘች። መራቁን መጥላት ብላ ስታነብ ሰንብታለች፤ ለካ የሚያውቀው መውደድ ይህ ነበር፤ መራቅ። ሌላ ማንም ሰው እንዲህ አድርጎ አይወዳትም። ደረቱ ላይ ተጣለች። ፊቷን አንገቱ ሥር ቀበረችና በረጅሙ ሳበች። ሳሙና ነበር፤ ሎሚ ነበር፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ ያ በረንዳ ላይ ደብተር ስታርም የመጣባት ትኩስ የብረት ሽታ።

«አልለቀቀህም» አለችው።

ሰውነቱ ደነገጠ፤ ሊያፈገፍግ ሲል ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው።

«እንዳይለቅህ! ሰምተሃል? እስከ እርጅናችን እንዳይለቅህ።»

ከመስታወቱ ባሻገር ሁለት ሰዎች በትንሹ ገላ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ጥቁር ቀይ ደም በቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ ቀይ ደም ይገባል። እንደገና ይወጣል። ሰማያዊው ብርሃን ሁሉንም ነገር ሌላ ዓለም አስመስሎታል። ብረቱ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ዓይኑን ለምን ሸፈኑት?» አለ።

«ብርሃኑ እንዳይጎዳው ነው አሉ።»

«እኔም ከሰማያዊ እሳት ፊት ዓይኔን እሸፍናለሁ።»

ሚጢ በእንባዋ መሃል ሳቋ አመለጣት። «ከአሁኑ ሙያ ጀመረ በለኛ!»

«ቢያድግ ግን በያጅ አላደርገውም» አለ ብረቱ። «ቢያድግልን…»

የመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ሰውዬው ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር። ሚጢ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። የሁለቱም መዳፍ በላብ ረጥቦ ነበር፤ ማንኛው ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም። ከአግዳሚው ላይ የላስቲኩ ከረጢት ተንኮሻኮሸ። እናትየዋ ከረጢቱን ይዛ ተነስታ ወደ መውጫው ስትሄድ ሚጢ አየቻት። ልትከተላት ብታስብም እግሯ ከመስታወቱ አልነቃነቅ አለ። የእናቷ መሄድ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ሆነባት።

*

ዶክተሯ መጥታ «ቀድመነዋል መሰለኝ» ስትል ሁለቱም አላመኗትም። ልጁ በማግስቱ ጡት ሲይዝም አላመኑም። ቢጫው ከፊቱ፣ ከዚያም ከሆዱ፣ በመጨረሻ ከእግሩ ሲለቅ አዩት፤ አሁንም አላመኑም። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ከሰው ቶሎ አይወጣም።

መልቀቂያ ሲሰጣቸው ዶክተሯ ጣቷን አንስታ አስጠነቀቀች። ምርመራው እንደገመተችው ሆኗል። ናፍታሊን ያለበት ቤት ልጁ አይገባም። እዚያ የተቀመጠ ልብስ አይለብስም፤ ያን ልብስ የለበሰ ሰውም አያቅፈውም። «ለጆሮው ደግሞ ቀጠሮ ይዣለሁ» አለች። «እስከዚያ ምንም ማለት አልችልም።»

ስለዚህ ከብየዳ ወርክሾፑ ጀርባ ወዳለችው የብረቱ አንድ ክፍል ገቡ። ብረቱ ግድግዳውን ኖራ ቀብቶታል። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ምድጃ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የሚጢ ቀሚስ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ሚጢ ግን ደስታዋን ማጣጣም አልቻለችም። ልጇ ተኝቶ ሳለ እንኳ አትለቀውም። ከኋላው ሆና እጇን ታጨበጭባለች፤ ዓይኑን ሲያርገበግብ «ሰማ!» ትላለች። ሳያርገበግብ ሲቀር ደግሞ ወደ ጆሮው ተጠግታ ትጠራዋለች።

«ተይው፣ ይተኛ» ይላል ብረቱ።

«ቢሰማ ኖሮ አይነሳም ነበር?»

«እኔም ስተኛ ብትጮሂ አልነሳም።»

«አንተማ ሌላ ነህ!» ትለዋለች፤ ትስቃለች፤ ወዲያው መልሳ ታጨበጭባለች።

እናቷ ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጣችም። በስልክ ስትደውል «አመመው? ጠባ? እሺ» ትልና ትዘጋለች። ጎረቤት እንዳወሩት ቤቷን ከፍታ ዕቃዋን ሁሉ ግቢ አውጥታዋለች፤ ሳጥኖቿን ለቆሻሻ ጫኝ ሰጥታ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ትፍቃለች፣ ታጥባለች፤ ማንንም አታናግርም። ሚጢ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። ቀኑ ሲገፋ ቁጣው ሄዶ ሥጋት ተተካ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የክፍላቸው በር ሦስቴ ተመታ። ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፁ ክፍሉን አንቀጠቀጠው።

ጭኗ ላይ ያለው ልጅ ዘለለ። ሁለቱም እጆቹ ወደ ላይ ተወረወሩ፣ ጣቶቹ ተበተኑ፣ ፊቱ ተጨማደደ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ያን የጥንቱን፣ ጎረቤት የሚያውከውን ጩኸት ለቀቀው።

«ሰማ!» አለች ሚጢ። «ብረቱ፣ ሰማ! ደነገጠ እኮ!»

ቀጠሮው ገና ነበር፤ ዶክተሯ የምትለው ገና ነበር። ይህን ታውቃለች። ቢሆንም የልጇን ድንጋጤ እንደ ምሥራች እቅፍ አድርጋ አነባች። ብረቱ በሩን ከፈተ።

እናትየዋ ናት። ልብሷ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ሄዷል፤ እጆቿ በሳሙና ተልጠዋል። መድረኩን አልረገጠችም።

«ደኅና ናችሁ? ለምንድን ነው የሚያለቅሰው? አመመው?»

«ይግቡ፣ እትዬ» አለ ብረቱ።

«አልገባም። ከዚሁ ልየው ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ሚጢ፤ «ይሄን ልብስ ደጋግሜ አጥቤዋለሁ። ፀሐይ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ግን አላምነውም። አፍንጫዬ ለምዶት ነው መሰል፣ ሲሸት እየኖረ አይሸተኝም ነበር። የማይሸተኝን ነገር በምን ልመነው? ነይ አንቺ አሽቺኝ።»

ሚጢ ልጁን ለአባቱ ሰጥታ ወደ በሩ ሄደች። የእናቷን ትከሻ አሸተተች። ሳሙና ነበር፣ ፀሐይ ነበር። ከሥሩ ደግሞ፣ በጣም ከሩቅ፣ የልጅነቷ ሽታ። በሌላ ቀን ቢሆን ዓይኗን ጨፍና በሳበችው ነበር።

«ይሸታል?»

ሚጢ መዋሸት አልቻለችም። «ትንሽ።»

እናትየዋ ወደኋላ አፈገፈገች። «እንግዲያው ከዚሁ አሳዩኝ። ከፍ አድርጉት… በቃኝ፤ ያን ያህል ይበቃኛል።»

«እትዬ፣ በፈጣሪ ይግቡ» አለ ብረቱ።

«አንተ ዝም በል!» አለች፤ ወዲያውም ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አንተ ለማይጎዳው ሽታ ራቅክለት፤ እኔ የሚገድለውን ይዤ ልግባ? በእጄ ሊሞትብኝ ነበር፣ ልጄ። በነዚህ እጆቼ ነው የጠቀለልኩት። አንተን ደግሞ… አንተን…»

«ልጄ» ያለችው ለማን እንደሆነ ሦስቱም ሰምተዋል። ብረቱ ሕፃኑን እንዳቀፈ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ሚጢ ቀሚሷን ከምስማሩ አወረደችው። «እማዬ፣ ይሄ እዚሁ የታጠበ ነው፤ የእኔ ነው። ጸጉርሽንም ገላሽንም ታጠቢ፣ ይሄን ልበሺ። ከዚያ ታቅፊዋለሽ።»

«እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ። ሁላችንም እየፈራን እናቅፈው።»

እናትየዋ ቀሚሱን ተቀበለች። ዓይኗ በክፍሏ ውስጥ ዞረ፤ አንዲት ክፍል፣ መጋረጃ የሌላት፣ መሃሏ ላይ አማቿ የቆመባት። ፊቷ ላይ እንደ ልጃገረድ እፍረት ታየ። መጠየቅም አልቻለች፣ መመለስም አልቻለች።

ብረቱ ልጁን ለሚጢ መልሶ ሰጠ። ከምድጃው ላይ የሞቀውን ውሃ አውርዶ ሳፋ ውስጥ ገለበጠ፤ በክርኑ ነክቶ ቀዝቃዛ ጨመረበት። ሳሙናውን ከጎኑ አኖረ። ኮፍያውን አነሳ። እናትየዋ ከመድረኩ ወደ ውስጥ ገባ ብላ መንገድ ለቀቀችለት፤ እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወጣና በሩን ከውጭ ገጠመላቸው።